ዋጋ የማይለጠፍበት ባዛር

በአዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ማዕከል የእንቁጣጣሽ ወይም የፋሲካ ባዛር ሲከፈት ስታንድ የተከራየ ነጋዴ ሒሳቡ ቀላል ነው። ለቦታው የከፈለውን፣ ለሠራተኛና ለመብራት ያወጣውን ይደምራል፤ በየቀኑ ከሸጠው ላይ ይቀንሳል፤ የተረፈው የእሱ ነው። ይህንኑ ነጋዴ ሜሪላንድ ውስጥ በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ናሽናል ሃርበር በተባለው ስፍራ በሚገኘው የጉባኤ አዳራሽ ቢያቆሙት ግራ መጋባቱ አይቀርም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ኩባንያዎች ምንጣፍ አንጥፈው፣ ዕቃቸውን በመስተዋት ሣጥን ደርድረው ለሦስት ቀናት ሲቆሙ ያያል። ዋጋ የተለጠፈበት ዕቃ ግን አያገኝም፤ ገንዘብ ሲቆጠርም አያይም። መዳፍ የማትሞላ አንዲት ግራጫ ሌንስ አንሥቶ "ስንት ነው?" ቢል፣ ከዋጋው በፊት የሚቀርብለት "ከየት አገር ነዎት?" የሚል ጥያቄ ነው።

ጉባኤው በምሕጻረ ቃል ኤስ.ፒ.አይ.ኢ. የሚባለው የኦፕቲክስና የፎቶኒክስ ባለሙያዎች ማኅበር በየዓመቱ የሚያካሂደው የመከላከያና የንግድ ሴንሲንግ ጉባኤ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ማኅበሩ በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲመሠረት የፎቶግራፍ መሣሪያ መሐንዲሶች ስብስብ ነበር። ዛሬ ብርሃን በማመንጨት፣ በመምራትና በመቀበል ሙያ የተሰማሩትን ሁሉ ያቀፈ ሲሆን፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱም ዋሽንግተን ግዛት ቤሊንግሃም ውስጥ ነው። ጉባኤው ከዓመት ዓመት ከተማ ይቀያይራል፤ በ2024 ናሽናል ሃርበር፣ በ2025 ፍሎሪዳ ኦርላንዶ ነበር። ተመራማሪዎች በየክፍሉ ተዘግተው ጥናት ሲያነብቡ፣ በታላቁ አዳራሽ ደግሞ ዐውደ ርዕዩ ይካሄዳል።

ስለ ጥናቶቹ የሚጽፍ አይጠፋም። ለነጋዴና ለባለሀብት ይበልጥ የሚያስተምረው ግን አዳራሹ ነው። በሦስት ቀን አንድ ዕቃ ሳይሸጥ ለቦታ፣ ለምንጣፍ፣ ለኤሌክትሪክ መስመር፣ ለአውሮፕላን ትኬትና ለሆቴል የሚከፍል ኩባንያ የዋህ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሣጥኑን ከመኪና አውርዶ ስታንዱ ድረስ ለማድረስ እንኳ በክብደት ይከፈላል። ይህን ሁሉ የሚከፍለው ማን ነው? ከማንስ ለመገናኘት? ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘ ሰው፣ "የመከላከያ አክሲዮን ይወጣል" የሚለውን የደላላ ወሬ ሰምቶ ከሚሮጠው ይልቅ ገበያውን ያውቃል።

በመጀመሪያ ስሙን ማየት ይጠቅማል። ይህ ጉባኤ በ1990ዎቹ ኦርላንዶ ውስጥ ሲካሄድ ኤሮሴንስ ይባል ነበር። ከዚያ በኋላ "መከላከያና ደኅንነት" የሚሉት ቃላት በስሙ ገቡ። በ2012 ወደ ባልቲሞር ተዛወረ፤ ለዋሽንግተን ቅርብ ስለሆነ የመንግሥት ባለሙያዎች በቀላሉ ይመጣሉ ተብሎ የሚታሰብበት ከተማ ነው። ጊዜው ግን አልተመቸም። ጄኔራል ሰርቪስስ አድሚኒስትሬሽን የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በ2010 ላስ ቬጋስ አጠገብ ባደረገው ስብሰባ ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ማጥፋቱ በ2012 ጸደይ ላይ ተጋለጠ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የበጀት መሥሪያ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቶች ሁሉ መመሪያ አወጣ፦ የጉዞ ወጪ በ30 በመቶ ይቀነስ፤ ያለ ልዩ ፈቃድ ለአንድ ስብሰባ ከ500 ሺህ ዶላር በላይ አይውጣ። በማርች 2013 ደግሞ አጠቃላዩ የበጀት ቅነሳ መጣ። የመንግሥት መሐንዲስ የአውቶቡስ ትኬት እንኳ ለማስፈቀድ ሲቸገር፣ እሱን ለማግኘት ስታንድ የተከራየው ኩባንያ ማንን ያነጋግራል?

ከጥቂት ዓመታት በኋላ "ንግድ" የሚለው ቃል ከ"መከላከያ" ጎን በጉባኤው ስም ላይ ተጻፈ። አዘጋጆቹ የቴክኖሎጂው ዓለም ስለሰፋ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ደንበኛ ብቻ ያለው ነጋዴ ደንበኛው ቦርሳውን በዘጋ ቀን ምን እንደሚደርስበት ያየ ሰው ስሙን የሚያነበው በሌላ መነጽር ነው። በዚህ ዘርፍ ገዢው አንድ ነው፤ እሱም መንግሥት። በኢኮኖሚክስ ትምህርት የአንድ ገዢ ገበያ የሚባለው ይህ ነው። ሻጩ ብዙ፣ ገዢው አንድ ሲሆን ዋጋና ጊዜን የሚቆርጠው ገዢው ነው። ሁለተኛ ገዢ መፈለግ ለእነዚህ ኩባንያዎች ቅንጦት ሳይሆን የመኖር ጉዳይ ነው።

ለመሆኑ ስታንድ የሚከራዩት እነማን ናቸው? ሚሳይልና አውሮፕላን ለማየት የሄደ ሰው አዝኖ ይመለሳል። አዳራሹን የሚሞላው ለሻጭ የሚሸጥ ሻጭ ነው። ሌንስ የሚያጠራው፣ ሌንሱ ላይ ስስ ሽፋን የሚቀባው፣ ሴንሰሩን የሚሠራው፣ ሴንሰሩን የሚያቀዘቅዝ ትንሽ ሞተር የሚገጥመው፣ መለኪያ የሚያቀርበው፣ ጠረጴዛውን ከንዝረት የሚጠብቅ እግር የሚያመርተው። በጃፓን ሃማማትሱ ከተማ በ1953 የተመሠረተው ሃማማትሱ ፎቶኒክስ፣ በኒው ጀርሲ በ1989 የተነሣው ቶርላብስ፣ ከ1942 ጀምሮ በሌንስ ንግድ ያለው ኤድመንድ ኦፕቲክስ በዚህ ዓለም የታወቁ ስሞች ናቸው። ቶርላብስ ለደንበኞቹ ከሚልከው ዕቃ ጋር የመክሰስ ሣጥን ጨምሮ በመላክ ይታወቃል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዚያ መክሰስ ስሙን ይለምዳል፤ ከ10 ዓመት በኋላ የግዥ ኃላፊ ሲሆን የሚያዘው ከማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ከዚህ የረከሰ ማስታወቂያ በየትኛውም ገበያ አይገኝም።

የእነዚህ ሰዎች ሥራ ከአዲስ አበባ ሰው ሩቅ ይመስላል እንጂ አይደለም። በ2020 መጀመሪያ ኮሮና ሲነሣ በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ያለፈ መንገደኛ የሰውነቱን ሙቀት የሚያነብ ካሜራ ፊት አልፏል። ያ ካሜራ ከወታደራዊ መነጽር ጋር የአንድ አያት ልጅ ነው። በሃኒዌል ቤተ ሙከራ በ1980ዎቹ ለአሜሪካ ጦር ተብሎ የተሠራው ያለማቀዝቀዣ ሙቀት የሚያይ ሴንሰር እስከ 1992 ድረስ ምሥጢር ነበር። ምሥጢሩ ሲነሣ ኩባንያዎች ፈቃድ ገዝተው ማምረት ጀመሩ። ለ2000 የሞዴል ዓመት ካዲላክ መኪና የሌሊት ማያ ይዞ ወጣ፤ ሠሪው ሬይቲዮን ነበር። ከዚያ ወዲህ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በጢስ ውስጥ ሰው ይፈልግበታል፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ የጋለ ሽቦ ይለይበታል፤ አዳኝም ይዞት ይዞራል።

የዋጋው ምሥጢር ያለው በሴንሰሩ ነጥብ ስፋት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሴንሰሮች ነጥብ ወደ 50 ማይክሮን የሚጠጋ ስፋት ነበረው፤ ቀስ በቀስ ወደ 17፣ ከዚያም ወደ 12 ወረደ። ነጥቡ ሲያንስ ሴንሰሩ ያንሳል፤ ከአንድ ዝርግ ጥሬ ዕቃ ብዙ ሴንሰር ይቆረጣል፤ ሴንሰሩ ሲያንስ ሌንሱም ያንሳል። ሌንሱ ደግሞ ከተራ መስተዋት አይሠራም። ተራ መስተዋት ለዓይን ብርሃን ክፍት ቢሆንም ለሰውነት ሙቀት ጨረር ግድግዳ ነው። የሚያስፈልገው ጀርማኒየም የተባለ ማዕድን ነው። የዚህን ገበያ አንገት የያዘው እሱ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል።

ከደርዘን ከባድ መኪና ያነሰ ማዕድን

ጀርማኒየምን በ1886 ያገኘው ክሌመንስ ዊንክለር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ነው። ማዕድኑ ብቻውን በብዛት ተቆፍሮ አይወጣም። ከዚንክ ማዕድን ጋር ተቀላቅሎ፣ ወይም ከድንጋይ ከሰል ዐመድ ውስጥ ተለቅሞ የሚገኝ ተረፈ ምርት ነው። የዓለም ዓመታዊ የተጣራ ምርት ከጥቂት መቶ ቶን አይበልጥም። የጅቡቲን መንገድ የሚያውቅ ነጋዴ እንዲረዳው ያህል፣ ተሳቢ ያላቸው አሥራ ሁለት ከባድ መኪናዎች ሙሉውን ይጭኑታል።

ተረፈ ምርት የሆነ ዕቃ በገበያ ላይ የተለየ ጠባይ አለው። ቡና ሲወደድ ገበሬ ቡና ይተክላል፤ ጀርማኒየም ሲወደድ ግን ማንም ለእሱ ብሎ የዚንክ ማዕድን አይከፍትም። የዚንኩ ባለቤት የሚያየው የዚንክን ዋጋ ነው። ስለዚህ ፍላጎት ሲጨምር አቅርቦቱ አይለጠጥም፤ የሚለጠጠው ዋጋው ብቻ ነው። ከተጣራው ምርት 60 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከቻይና ይወጣል ተብሎ ይገመታል።

ቻይና ይህን ታውቃለች። አሜሪካ የላቁ ቺፖች ወደ ቻይና እንዳይሸጡ ገደብ ካደረገች በኋላ፣ በጁላይ 2023 ቤጂንግ ጋሊየምና ጀርማኒየም ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ ወሰነች፤ ውሳኔው በኦገስት 1 ሥራ ላይ ዋለ። በዲሴምበር 3 ቀን 2024 ደግሞ ጋሊየም፣ ጀርማኒየምና አንቲሞኒ ወደ አሜሪካ ጭራሽ እንዳይሄዱ ከለከለች። የጀርማኒየም ዋጋ ከ2023 መጀመሪያ ጋር ሲነጻጸር ከእጥፍ በላይ ወጣ። ከወራት በፊት በቁርጥ ዋጋ ሌንስ ለማቅረብ ኮንትራት የፈረመ ትንሽ አምራች ምን እንደተሰማው፣ ብር ከመዳከሙ በፊት ዕቃ ለማስገባት የተዋዋለ የመርካቶ አስመጪ ያውቀዋል።

በኖቬምበር 2025 ሁለቱ መንግሥታት ሲግባቡ ቻይና እገዳውን እስከ ኖቬምበር 27 ቀን 2026 ድረስ አንጠልጥላ አቆየችው። ብዙ የገበያ ሰው "ተነሣ" ብሎ ዘገበ። ትእዛዙን ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። የታገደው ወደ አሜሪካ የሚደረገውን ሽያጭ ጠቅልሎ የሚከለክለው አንቀጽ ነው። ለወታደራዊ ተጠቃሚ እንዳይሸጥ የሚለው አንቀጽ አልተነካም። ሲቪል ሌንስ የሚሠራ በፈቃድ ይገዛል፤ ለጦር ሠራዊት የሚሠራው በር አሁንም ተዘግቶበታል። በአንድ ስታንድ ላይ ሁለቱን ሌንሶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚቆም ኩባንያ፣ ለጥሬ ዕቃው ሁለት ዓይነት ዋጋና ሁለት ዓይነት መንገድ ይዞ ነው የሚቆመው።

ከዚህ ጭንቀት ትርፍ የሚያገኙም አሉ። መቀመጫው ኦርላንዶ የሆነውና አክሲዮኑ በናስዳክ የሚሸጠው ላይትፓዝ ቴክኖሎጂስ፣ ከአሜሪካ የባህር ኃይል ምርምር ቤተ ሙከራ ፈቃድ ወስዶ "ብላክ ዳይመንድ" የሚለውን ጀርማኒየምን የሚተካ መስተዋት ይሠራል። የጀርማኒየም መወደድ ለሌሎች ዕዳ ሲሆን ለእሱ ማስታወቂያ ሆኖለታል። በፌብሩዋሪ 2025 ጂ5 ኢንፍራሬድ የተባለውን የካሜራ አምራች ገዝቶ፣ ሌንስ ከመሸጥ ሙሉ ካሜራ ወደ መሸጥ ተሻገረ። ዘዴው መልካም ነው። ሆኖም ይህ ኩባንያ በ2000 የኢንተርኔትና የኦፕቲክስ አክሲዮን ግርግር ጊዜ ወደ ላይ ተወንጭፎ የወደቀ መሆኑን የሚያስታውሱ አዛውንት ደላሎች ዛሬም አሉ። ሰው ሁሉ በአንድ በር ሲገባ መውጫው ጠባብ እንደሚሆን እነሱን መጠየቅ ይበቃል። ደግሞም በዚሁ መስክ ሌሎችም ምትክ መስተዋት ያቀርባሉ፤ የጀርማኒየም ዋጋ ከወረደ ምትኩን ለመግዛት የሚቸኩለው ቁጥር ይቀንሳል።

አፍሪካም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች። በሉቡምባሺ ከተማ "ቢግ ሂል" የሚባል ተራራ የሚያህል የማዕድን ዝቃጭ ክምር አለ፤ ለዘመናት ሲጣል የኖረ ነው። የኮንጎ መንግሥት ማዕድን ድርጅት ጄካሚን በቅርንጫፉ ኤስ.ቲ.ኤል. በኩል ከዚህ ክምር ጀርማኒየም ማውጣት ጀምሯል። በ2024 ከቤልጅየሙ ዩሚኮር ጋር ስምምነት ተፈራርሞ በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ጭነት ላከ። ማጥራቱ የሚካሄደው ግን አውሮፓ ነው። በሜሪላንድ አዳራሽ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የምትቀመጠው ሌንስ ወደፊት ከካታንጋ ዝቃጭ ልትመጣ ትችላለች። በእሷ ዋጋ ውስጥ የኮንጎ ድርሻ ስንት እንደሚሆን የሚወሰነው ማጣሪያው ከየት እንደሚቆም ነው። ቡናን በጆንያ ሸጦ በፓኬት ሲሸጥ ለሚያይ አገር ነጋዴ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም።

"ከየት አገር ነዎት?"

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። አስተናጋጁ ዋጋ ከመናገሩ በፊት አገር የሚጠይቀው ጨዋነት አጥቶ አይደለም። የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ዝውውር ደንብ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ስለ ዕቃው የሚነገረውንም ይቆጣጠራል። ቁጥጥር ያለበትን ቴክኒካዊ መረጃ አሜሪካ ምድር ላይ ለቆመ የውጭ ዜጋ መግለጽ ዕቃ ወደ ውጭ እንደመላክ ይቆጠራል። ስለዚህ በስታንዱ የሚታደለው ወረቀት በሕግ ባለሙያ ተመርምሮ የወጣ ነው። ከወረቀቱ በላይ መጠየቅ የፈለገ ሰው ቢዝነስ ካርዱን ትቶ ይሄዳል፤ መልሱ ከሳምንታት በኋላ፣ ፈቃድ ካስፈለገም ከወራት በኋላ ይመጣል። ክፍት የሳይንስ ጉባኤና ዝግ የንግድ ዕቃ በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩት በዚህ ዓይነት ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደሚጠነቀቁ ሁለት ጉዳዮች ያስረዳሉ። በ2007 አይ.ቲ.ቲ. የተባለው ትልቅ ኩባንያ የሌሊት ማያ ቴክኖሎጂ ያለ ፈቃድ ቻይናን ጨምሮ ወደ ውጭ አገሮች ማሳለፉን አምኖ 100 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። አስገራሚው ነገር የቅጣቱ ግማሽ የተሻለ የሌሊት ማያ ለማምረት ምርምር እንዲውል መፈቀዱ ነው፤ መንግሥት የቀጣውን ኩባንያ ዕቃ አሁንም ይፈልገው ነበር። በ2018 ደግሞ የሙቀት ካሜራ ቀዳሚው ፍሊር 30 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ከአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጋር ተስማማ። ከክሱ ዋናው ቁጥጥር ያለበት መረጃ በራሱ የውጭ ዜጋ ሠራተኞች እጅ ያለ ፈቃድ ገባ የሚል ነበር።

ካሜራ ለሚያስመጣ የአዲስ አበባ ነጋዴ ከዚህ የሚደርሰው ነገር አለ። ለኤሌክትሪክና ለሕንፃ ሥራ የሚመጡት በእጅ የሚያዙ የሙቀት ካሜራዎች በአብዛኛው በሴኮንድ 9 ምስል ብቻ ያነሣሉ። አላዋቂ ሻጭ "ርካሽ ሞዴል ስለሆነ ነው" ይላል። እውነቱ ግን በሴኮንድ ከ9 ምስል ያልበለጠ ካሜራ ለዒላማ አመቺ ስላልሆነ የአሜሪካ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ስለሚላላለት ነው። በሴኮንድ 30 የሚያነሣውን ያዘዘ አስመጪ ዋጋው ሳይሆን ወረቀቱ ያቆየዋል፤ ለደንበኛው የማስረከቢያ ቀን ከመፈረሙ በፊት ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ጥብቅ ቁጥጥሩ ለተፎካካሪ በር መክፈቱም አልቀረም። የቻይና አምራቾች የራሳቸውን ሴንሰር ሠርተው በርካሽ ዓለምን አዳርሰዋል። በፈረንሳይ በ2019 ሶፍራዲርና ዩሊስ ተዋሕደው ሊንሬድ ሆነዋል፤ በእስራኤል ደግሞ ኤልቢትና ራፋኤል በጋራ የያዙት ኤስ.ሲ.ዲ. አለ። ሁሉም "የእኛ ዕቃ የአሜሪካ ፈቃድ አያስፈልገውም" ማለትን እንደ ጥራት ማረጋገጫ መጠቀማቸው አይቀርም። ዋሽንግተን በቁጥጥሩ ጦሯን ጠቅማለች፤ በነጋዴዎቿ ላይ ያመጣችው ኪሣራ ግን ከስሌት ውስጥ ሲገባ አይታይም።

እንግዲህ የሚሸጥ ነገር ከሌለ ስታንድ የተከራየው ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፦ ከአንድ ትልቅ ተቋራጭ መሐንዲስ ጋር መተዋወቅ። በአንድ ወታደራዊ መሣሪያ ንድፍ ውስጥ የአንድ ትንሽ ኩባንያ ሌንስ ከገባ ለመቀየር ሙሉ ፍተሻ ስለሚጠይቅ፣ መሣሪያው እስከሚመረትበት ጊዜ ድረስ ለ10 ወይም ለ20 ዓመት ትእዛዝ ይመጣል። ከዚያ ንድፍ ውስጥ ለመግባት የሚደረገው ትግል ነው ስታንዱን የሚያስከራየው። ሁለተኛው ምክንያት አይነገርም፤ ኩባንያው ራሱ ነው ለሽያጭ የሚቀርበው።

ባለፉት ዓመታት የታየው ይኸው ነው። ቴሌዳይን በ2021 ፍሊርን በ8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። በዚያው ዓመት ኮሂረንት ለተባለው የሌዘር ኩባንያ ሦስት ገዢዎች ተጫረቱ። ሉሜንተም ቀድሞ ተስማምቶ ነበር፤ ኤም.ኬ.ኤስ. ገባ፤ በመጨረሻ ቱ-ሲክስ የተባለው የፔንሲልቬንያ ኩባንያ በ7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አሸነፈ። ሉሜንተም ባዶ እጁን አልሄደም፤ ስምምነቱ ስለፈረሰበት 217.6 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው። ለሁለት ወር ድርድር ከዚህ የተሻለ የድለላ ክፍያ ያገኘ የአዲስ አበባ ደላላ ካለ ይናገር። ቱ-ሲክስ በ1971 ሲመሠረት ስሙን የወሰደው ከንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ሁለተኛና ስድስተኛ ዓምድ ነበር፤ የኢንፍራሬድ መስኮት የሚሠራባቸው ውህዶች ከእነዚያ ዓምዶች ስለሚገኙ። ግዢው በጁላይ 2022 ሲጠናቀቅ ኮሂረንት የሚለውን የገዛውን ስም ወረሰ።

ከዚያ የሆነው ነገር ለአክሲዮን ገዢ ከሁሉም ይበልጣል። ኮሂረንት በኦገስት 2025 የኤሮስፔስና የመከላከያ ክፍሉን አድቨንት ለተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት በ400 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሸጥ አስታወቀ፤ ገንዘቡም ዕዳ ለመቀነስ እንዲውል። አውሮፓ ውስጥ ጦርነት እየተካሄደ፣ መንግሥታት ለመከላከያ ቢሊዮኖችን እየመደቡ ሳለ፣ በዚህ ሙያ ከቀደሙት አንዱ የሆነ ኩባንያ የመከላከያ ክፍሉን ሸጠ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ውስጥ ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው የብርሃን ገመድ ክፍል ፈጥኖ ይሸጣል፤ ፈጥኖም ይከፈላል። የጦር ሠራዊት ትእዛዝ አስተማማኝ ነው፤ ግን በኮንግሬስ በጀት ጊዜ የሚመጣና የሚቆም፣ ትርፉም የተወሰነ ነው። "ጦርነት አለ፤ ስለዚህ የመከላከያ አክሲዮን ይገዛ" የሚለው አስተሳሰብ ይህን ሽያጭ ሊያስረዳ አይችልም።

ለትንንሾቹ ደግሞ ሌላ ቀጭን ገመድ አለ። በ1982 በወጣ ሕግ ትልልቅ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከሚያስጠኑት ምርምር በጀት የተወሰነ መቶኛ፣ በኋለኞቹ ዓመታት 3.2 በመቶ፣ ለአነስተኛ ኩባንያዎች እንዲመድቡ ይገደዳሉ። በአዳራሹ ጥግ ትንሹን ስታንድ የሚከራዩት ብዙዎቹ በዚህ ገንዘብ የተወለዱ ናቸው፤ ሁለት ዶክተሮች፣ አንድ ሙከራ፣ አንድ ጠረጴዛ። ገንዘቡ ናሙና ያሠራል፤ ፋብሪካ ግን አያቆምም። ከናሙናው እስከ መጀመሪያው ትልቅ ትእዛዝ ባለው በረሃ ላይ ብዙዎች ይቀራሉ። የዚህ ሕግ ዘመን በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ሳይታደስ አለፈ፤ በማግስቱ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በበጀት ውዝግብ ተዘግቶ ለ43 ቀናት ቆየ። ትልቁ ተቋራጭ ከባንክ ብድር ያገኛል። ሁለት ዶክተሮች ግን የኖቬምበርን ደሞዝ ከየት ያመጣሉ? በሚቀጥለው ዐውደ ርዕይ ከመዝገቡ ስሙ የጠፋ ትንሽ ኩባንያ ካለ፣ ቴክኖሎጂው አልሠራም ማለት ላይሆን ይችላል።

በናሽናል ሃርበር ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው አሌክሳንድሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። በዚያ ጎረቤትነት የሚኖሩና ያጠራቀሙትን በአሜሪካ አክሲዮን ገበያ የሚያውሉ ወገኖች የዐውደ ርዕዩን የአቅራቢዎች ዝርዝር እንዲያዩት ይመከራል፤ ዝርዝሩ ለማንም ክፍት ነው። የሚጠቅመው ትልልቁን ስታንድ መቁጠር አይደለም። ያለፈውን ዓመትና የዘንድሮን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጎ ማን እንደሰፋ፣ ማን እንደጠበበ፣ ማን በሌላ ስም እንደመጣ መለየት ነው። ከዚያ በዓመታዊ ሪፖርቱ ውስጥ ሦስት ነገር መፈለግ ይገባል፤ ከገቢው ስንቱ ከአንድ ደንበኛ እንደሚመጣ፣ ጀርማኒየሙን ከየት እንደሚገዛ፣ ከፈረመው ትእዛዝ ስንቱ በቁርጥ ዋጋ እንደሆነ። ሦስተኛው በአብዛኛው በግርጌ በደቃቅ ፊደል የሚጻፍ ነው።

ቤጂንግ ለእገዳው የሰጠችው ዕረፍት የሚያበቃው በኖቬምበር 27 ቀን 2026 ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ማን ስንት ኪሎ በመጋዘኑ እንዳስገባ የሚያውቁት የግዥ ሠራተኞች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በስታንድ ላይ አይቆሙም።